መሪጌታ ቢሻው የዘለሉት መስመር

ቃል የሚያሳጥር ሰው ወይ ቸኩሏል፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለው። የመሪጌታ ቢሻው እምነት ይህ ነበር። በ፲፱፻፶፭ ዓመተ ምሕረት መስከረም ወር ወረታ ላይ በተከፈተው የከብት ሕክምና ጽሕፈት ቤት የጽሑፍ ገልባጭ ሆነው ሲቀጠሩም ይህንኑ እምነት እንደ ያዙ ገቡ።

ሃያ ዓመት ሙሉ በቁሐር ሚካኤል ቅኔ ማኅሌት ዜማ ሲመሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ጉሮሯቸው ታሞ ድምፃቸው ሲዘጋ ግን መሪነቱን ለደቀ መዝሙሮቻቸው ትተው እጃቸውን ብቻ ይዘው ቀሩ። እጃቸው ደግሞ የታወቀ ነበር። ከጣራ ገዳም እስከ ደራ ድረስ፣ ጽሕፈቱ የጠራ፣ መስመሩ ያልተዛነፈ መጽሐፍ ሲታይ «ይህ የቢሻው እጅ ነው» ይባል ነበር። ስለዚህም ደሞዝ የተባለው የከብት ሐኪም ጥናቱን የሚገለብጥለት ሰው ሲፈልግ ሌላ ስም አልተጠራለትም።

ደሞዝ የአንበሳሜ ገበሬ ልጅ ነው። ሆኖም ረጅም ዘመን አዲስ አበባ ተምሮ በመመለሱ የአገሩን ሰው የሚያይበት ዓይን ለመሪጌታ እንግዳ ሆነባቸው። ከብቱን አይቶ ባለቤቱን አያይም፤ ሰላምታ ሳያስጨርስ ማስታወሻውን ያወጣል፤ ሲጽፍም የቃሉን ራስ ብቻ አስቀምጦ አካሉን ይተወዋል። አሁን የያዘው በፎገራ ሜዳ ከብት ላይ ስለሚወርደው በሽታ የሚናገር ረቂቅ ነበር። ከረቂቁ ሦስት ንጹሕ ቅጂ ያስፈልጋል፤ አንዱ አዲስ አበባ ሄዶ እንዲታተም፣ አንዱ ለጎንደር የበላይ መሥሪያ ቤት፣ አንዱ ደግሞ ወረታ እንዲቀመጥ።

«መሪጌታ፣ እንዳለ ነው የሚገለበጠው» አላቸው ደሞዝ ረቂቁን ሲሰጣቸው። «እርስዎን ማረም አይገባኝምና አልመለስበትም፤ ፈርሜ እልከዋለሁ።»

«እንዳለ» አሉ መሪጌታ። ቃሉን እንደ መሐላ ተቀበሉት።

ሥራው ገና በአምስተኛው ቅጠል አስቸገራቸው። ከብት ጨራሹን ደስታ በሽታን ደሞዝ «ደ/በ» ብሎ ጽፎታል። በዘጠነኛው ቅጠል ላይ ያው በሽታ «ደ.በ.» ሆነ፤ በአሥራ ሁለተኛው ደግሞ «ደስታ» ብቻ ተብሎ ተቀመጠ። አንዴ ብቻ ተጠርቶ የማይመለስ የወንዝ ስም ሳይቀር በሁለት ፊደል ታጥፏል። በየትኛውም ቅጠል ላይ «ይህ ፊደል ይህን ማለት ነው» የሚል ቃል የለም። ሰዋስው የተማረ ሰው ይህን ዝም ብሎ አያልፍም። አንድ ነገር ሦስት ልብስ የሚቀያይረው ማን እንዳያውቀው ፈርቶ ነው ሲሉ መሪጌታ በልባቸው ጠየቁ። ቢሆንም እንዳለ ገለበጡት።

በአሥራ ስምንተኛው ቅጠል ላይ ሠንጠረዥ ነበረ። የቁሐር ሚካኤል ባለ ከብቶች ስም በተርታ ሰፍሯል፤ ከስሙ ቀጥሎ የከብቱ ብዛት፣ ከብዛቱ ቀጥሎ ደግሞ ጥቃቅን ፊደል። በብዙዎቹ አንጻር «ድ/ክ» ተብሏል። በሦስት ሰዎች አንጻር ብቻ «ቅ/ክ» ተጽፎ ከሥሩ በቀይ ተሰምሮበታል። ከሦስቱ አንዷ ጸሐይነሽ ናት፤ የመሪጌታ ታናሽ እኅት፣ ባሏ የሞተባት፣ አሥራ አንድ ከብት ያላት።

መሪጌታ ብርዑን አስቀመጡ።

ደሞዝ በሚቀጥለው ክፍል ተቀምጧል፤ መዝጊያው ክፍት ነው። ተነሥቶ «ይህ ምንድን ነው?» ማለት የአሥር እርምጃ ነገር ነበር። መሪጌታ ግን አልተነሡም። ያልተነሡበትም ምክንያት እርሳቸው ካደጉበት ቤት የመጣ ነው። በድጓው ገጽ ላይ፣ ከቃሉ በላይ፣ የዜማውን መንገድ የሚያሳዩ ጥቃቅን ፊደላት አሉ፤ ምልክት ይባላሉ። እያንዳንዱ ምልክት ከአንድ ከታወቀ ዜማ የተቆረጠ ቁራጭ ነው፤ ፍቺው ከመምህር አፍ ይሰማል፣ በጆሮ ይገባል፣ በዓመታት አገልግሎት ይጸናል። ምልክቱን የማያውቅ ሰው ትምህርቱን አልሰማም ማለት ነው። ተማሪ ቢጠይቅ ትላንት የት ነበርክ ይባላል፤ መሪጌታ ከጠየቀ ግን መሪጌታ አይደለም። እንግዲህ ሃያ ዓመት ሌላውን ሲጠይቁ የኖሩ ሰው ልጃቸው ከሚሆን የከብት ሐኪም ፊት ቆመው ፊደል ሊያስፈቱ ነውን? ይህን ከማድረግ መጠርጠሩ ቀለላቸው። መጠርጠር ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነውና።

በገበያ ቀን ማረው መንገድ ላይ አገኛቸው። ማረው የቁሐር ሚካኤል ገበሬ፣ የጸሐይነሽ ጎረቤት፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው።

«መሪጌታ፣ ስማችንን እየጻፉት ነው አሉ።»

«እጽፋለሁ።»

«በጎ ነው። ከስማችን ጎንስ ምን አለ?»

«ፊደል አለ።»

«የምን ፊደል?»

መሪጌታ በትራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እንዴ፣ ከርስዎ የሚያመልጥ ፊደልም አለ?» አለ ማረው፤ ሳቀም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲባል እኔ ለሌላው ይመስለኝ ነበር።»

«አያ ማረው፣ የመሥሪያ ቤት ነገር በመንገድ አይወራም።»

«የመሥሪያ ቤቱ ሳይሆን የእኔ ከብት ነገር ነው እንጂ» አለ ማረው፤ አሁን አልሳቀም። «ልጁ የእኔን መንጋ አየት አድርጎ አለፈ። እትዬ ጸሐይነሽ በረት ሲደርስ ግን ግማሽ ቀን ቆመ፤ ምላስ እየጎተተ አየ፣ ዓይን እየገለጠ አየ፣ ጻፈ፣ እንደገና ጻፈ። ወዲያ ደጋ ላይ እንዲህ ተጽፎ ተጽፎ፣ ምልክት የወጣበት መንጋ በጥይት ተረፈረፈ ይባላል። እውነት ይሁን ሐሰት አላየሁም። ብቻ ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር።»

ይህ ቃል በመሪጌታ ልብ ውስጥ ቤት ሠራ። ወሬውን ማን እንዳመጣው አልጠየቁም፤ ደጋው የት እንደ ሆነም አልጠየቁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደሞዝ የሚያደርገው ሁሉ ለጥርጣሬው ምስክር ሆነ። መዝጊያውን ሲዘጋ የሚደብቀው አለው፤ ሲከፍት ሊሰልላቸው ነው። «እኅትዎ ደኅና ናት?» ብሎ በጠየቀ ጊዜም «ለምን እርሷን?» አሉ በልባቸው። አንድ ቀን ከጎንደር ከመጣ እንግዳ ጋር ሲነጋገር «ቅ/ክ የተባሉት እንዳይዘገዩብን» ሲል ሰሙት። እንግዳውም ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱ የሚያውቁት፣ እርሳቸው የማያውቁት ነገር አለ ማለት ነው።

በማግሥቱ ወደ አሥራ ስምንተኛው ቅጠል ተመለሱና የእኅታቸውን ስም ዘለሉት።

ሥራው በጥንቃቄ የተሠራ ነበር፤ ኃጢአትም በጥንቃቄ ሲሠራ ከሁሉ ይከፋል። መስመሩ ጎደሎ እንዳይመስል የላዩንና የታቹን ስም አቀራረቡ። ከሠንጠረዡ ግርጌ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ይል የነበረውን ድምር ሁለት መቶ ሦስት አደረጉት። በሦስቱም ቅጂ እንዲሁ አደረጉ። እንዲያውም ባል የሞተባትን ሴት ከክፉ የሰወሩ መስሏቸው ቀለል አላቸው። ደሞዝ ቅጂዎቹን ገለጥ ገለጥ አድርጎ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ምን ያምራል» አለና ፈረመ።

ኅዳር ገባ። የርብና የጉማራ ወንዞች ወደ ቦያቸው ተመልሰው ውኃው ከሜዳው ሲሸሽ፣ የቀረው ሣር ላይ የየአገሩ መንጋ ተሰበሰበ። በዚያው ሰሞን ደስታ በሽታ በደራ በኩል ገባ የሚል ወሬ መጣ። ሳምንት ሳይሞላ የክትባቱ መድኃኒት በበረዶ ሣጥን ታሽጎ ከጎንደር በመኪና ወረደ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ደረቅ መስክ ላይ ከብት አንድ በአንድ የሚያልፍበት ጠባብ መንገድ በእንጨት ታጠረ። መሪጌታ ስም እንዲጠሩ፣ ጎንደር ገልብጦ ከመድኃኒቱ ጋር የላከውን ሠንጠረዥ ይዘው ከደሞዝ ጎን ቆሙ። ድምፃቸው ስለማይሰማ እርሳቸው በቀስታ ያነባሉ፣ ደሞዝ ጮክ ብሎ ይደግማል።

ከመጀመሩ በፊት ደሞዝ ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«ወገኖቼ፣ መድኃኒቱ በረዶው ሳይሟሟ ዛሬውኑ ማለቅ አለበት፤ ለነገ አይተርፍም። ስለዚህ በተራ ነው። መጀመሪያ ቅድሚያ ክትባት የሚያሻቸው ይቀርባሉ። እነዚህ ቅርብ ጊዜ ከሌላ አገር የተገዙ፣ አንድም ጊዜ ያልተከተቡ ከብቶች ያሏቸው ናቸው። ቅ/ክ ብለን የጻፍነው እነርሱን ነው። ቀጥሎ ድጋሚ ክትባት፣ ድ/ክ የተባላችሁ፤ ቀድሞ የተከተበ መንጋ ስላላችሁ ብትዘገዩም አደጋው ያነሰ ነው።»

መሪጌታ ወረቀቱን እንደ ያዙ ቀሩ። ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሣቸው ፊደል በአንድ እስትንፋስ ተፈታ፤ ሲፈታም በውስጡ ጥይት አልነበረበትም።

ሁለቱ ቅድሚያዎች ተጠርተው ከብታቸውን አሳለፉ። ደሞዝ ሦስተኛውን ስም ጠበቀ። በሠንጠረዡ ላይ ግን ሦስተኛ ቅ/ክ አልነበረም።

ጸሐይነሽ አሥራ አንዱን ከብቷን ይዛ ከአጥሩ አጠገብ ቆማለች። «ወንድምዓለም» አለች ቀስ ብላ፣ «የኔስ ስም የለም?»

ደሞዝ ዘወር ብሎ አያት፤ ወዲያው ሠንጠረዡን ከመሪጌታ እጅ ወሰደ። ጣቱን ከላይ ወደ ታች አስኬደ፣ እንደገና አስኬደ። «እኔ ራሴ ጽፌዎት ነበር እኮ» አላት። «ሁለቱን ጊደሮች ደራ ካለው ከአንበሳሜ ገበያ ነው የገዙት፤ በሽታው ደግሞ በዚያ በኩል ነው የመጣው። ከሁሉ በፊት የርስዎ ነበር የሚያስፈራኝ።» ፊቱ ጠቆረ። «ድምሩም ሁለት መቶ ሦስት ይላል። የመጣልንም ለሁለት መቶ ሦስት ብቻ የሚበቃ ነው። ጎንደሮች ናቸው። መድኃኒት ለመቆጠብ ቆርጠው ነው የላኩት።»

«እኔስ ምን አልኩ?» አለ ማረው ከኋላ። «የእነርሱ ነገር እንዲህ ነው።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ጎንደር ሩቅ ነው፤ ማንም ሄዶ አይጠይቅም። መሪጌታ ቢሻው ዝም ቢሉ ጥፋቱ ስም በሌለው ሰው ላይ ወድቆ ይቀር ነበር። ይህ መንገድ በግልጽ ታያቸው፤ ለጥቂት ጊዜም ቆመው ተመለከቱት። የእኅታቸው ጊደሮች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሳልፈው ያመነዥካሉ።

«ጎንደር አይደለም» አሉ። ድምፃቸው ስላልተሰማ በትራቸውን መሬት መቱ። «ጎንደር አይደለም። እኔ ነኝ። ስሟን የዘለልኩት፣ ድምሩንም የቀነስኩት እኔ ነኝ።»

ደሞዝ አልጮኸም። «ለምን?» አለ።

«ፊደሉን አላወቅሁትም። ከብቷን ሊገድሉባት ነው ብዬ ጠረጠርኩ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?»

«እርስዎስ ለምን አልነገሩኝም?»

«እኔማ» አለ ደሞዝ፤ ወጣትነቱ ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ታየ፤ «በድጓ ምልክት ያረጁ ሰው ፊት ሁለት ፊደል ብፈታ ድፍረት መሰለኝ። ያውቁታል ብዬ ነው።»

«የድጓውን ምልክት የሚፈታ መምህር አለ» አሉ መሪጌታ። «ተማሪው ከእግሩ ሥር ተቀምጦ ይሰማዋል። ይህ የርስዎ ወረቀት ግን ጎንደር ይሄዳል፣ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ እርስዎ አብረውት አይሄዱም። መምህሩ የማይከተለው ጽሑፍ ራሱ መምህር መሆን አለበት። ይህን ማለት የነበረብኝ በመስከረም ነው። ያላልኩት ከኩራት ነው። የርስዎ ጥፋት የርስዎ ነው፣ የእኔ ግን ይበልጣል፤ እርስዎ ፊደል ቆረጡ፣ እኔ ሰው ቆረጥኩ።»

ቀሪው ነገር የቁጥር ነበር፤ ቁጥርም አያዝንም። የጸሐይነሽ አሥራ አንድ ከብት ከተከተበ የሌላ ሰው አሥራ አንድ ይቀራል። ደሞዝ ሠንጠረዡን አይቶ የመጨረሻውን ስም አነበበ። ማረው ነበር። ከአሥራ አራት ከብቱ ሦስቱ ብቻ ተከተቡ፤ አሥራ አንዱ ሌላ የበረዶ ሣጥን እስኪመጣ እንዲጠብቁ ተባለ።

ማረው በትሩን ትከሻው ላይ ጣለ። «መልካም» አለ። «እርስዎ ፊደል ፈሩ፣ የእኔ ጊደር ትጠብቅልዎት።»

«አያ ማረው፣ ይቅር በለኝ።»

«ይቅርታውን ከብቶቹ ሲተርፉ እናየዋለን።»

ሌላው ሣጥን በዘጠነኛው ቀን መጣ። በሰባተኛው ቀን፣ ከቀድሞው ክትባት በኋላ የተወለደች አንዲት የማረው ጊደር ዓይኗ አልቅሶ፣ አፏ ቆስሎ ሞተች። የቀሩት ተረፉ። የጸሐይነሽም ሁሉ ተረፉ።

በዚያ ሳምንት ደሞዝና መሪጌታ ከአንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጠው ጽሑፉን ከመጀመሪያው ቅጠል ጀምረው ያርሙት ነበር። የተላኩትን ሁለት ቅጂዎች ደሞዝ በደብዳቤ አስመልሷቸው ነበር። አሁን የሚጠይቁት መሪጌታ ነበሩ፤ ያለ ኀፍረትም ይጠይቁ ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የወንዙ ስም።»

«ስንት ጊዜ ይነሣል?»

«አንዴ።»

«አንዴ ለሚጠራ ነገር ምሕጻረ ቃል ምን ያደርጋል? ሙሉውን ይጻፉት። ይህስ?»

«ደስታ በሽታ ነው።»

«መጀመሪያ ሲነሣ ሙሉ ስሙን ይጻፉ፣ ማሳጠሪያውን በቅንፍ ያስከትሉ። ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው ያንኑ ይያዙ፤ አንዴ በነጥብ፣ አንዴ በእዝባር አይሁን። በርዕሱ ላይ አያሳጥሩ፤ ርዕስ ብቻውን ይነበባልና። ከሠንጠረዡም ግርጌ ፍቺውን ይድገሙት።»

«ከላይ ተፈትቶ የለም?»

«ሠንጠረዡን ብቻ ገልጦ የሚያይ ሰው አለ» አሉ መሪጌታ። «እኔ አንዱ ነበርኩ።»

በዚህ መካከል ማረው ገባ። ተቀመጥ ቢሉት አልተቀመጠም። የጊደሯን ማሰሪያ ገመድ በእጁ ጠቅልሎ ይዟል።

«ያቺ ጊደር መጽሐፋችሁ ላይ ትጻፍ» አለ።

«ትጻፋለች» አለ ደሞዝና ብዕሩን አንሥቶ ከማረው ስም አንጻር አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር ሊያኖር ጎንበስ አለ። መሪጌታ እጁን ያዙት። ሠንጠረዡን ወደ ራሳቸው ስበው፣ ከግርጌው ባለው ባዶ ቦታ ላይ፣ ቀስ ብለው ብዙ ጻፉ። ማረው ዓይኑን ከብዕሩ ጫፍ ሳይነቅል ተመለከተ።

«ያንብቡልኝ ልልዎት አልችልም» አለ ሲጨርሱ። «የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

«እውነትህን ነው» አሉ መሪጌታ።

ማረው ወጥቶ በመንገድ ያልፉ የነበሩትን ቄስ አያልነህን ይዞ ገባ። ቄስ አያልነህ ፊደል የቆጠሩትም፣ ዜማ የተማሩትም ከመሪጌታ ቢሻው ነው። ወረቀቱን ተቀብለው በመስኮቱ ብርሃን ማንበብ ጀመሩ፤

«የቁሐር ሚካኤሉ የማረው አንዲት ጊደር ኅዳር ሃያ ስድስት ቀን በደስታ በሽታ ሞተች። የሞተችው ክትባት ስላልደረሳት ነው። ክትባት ያልደረሳትም...»

እዚህ ላይ ቆሙ። ዓይናቸውን ከወረቀቱ አንሥተው መምህራቸውን አዩ፤ ቀጥሎም ወረቀቱን ሊያጥፉ እጃቸው ተንቀሳቀሰ።

«አየህ፣ የሚደበቅ አለበት» አለ ማረው ለደሞዝ።

«ጨርስ» አሉ መሪጌታ ለቄሱ። «ገና ቃል ይቀራል።»

«ክትባት ያልደረሳትም የጽሑፉ ገልባጭ መሪጌታ ቢሻው ከሠንጠረዡ አንድ መስመር ሆነ ብለው በመዝለላቸው፣ ድምሩንም በመለወጣቸው ነው።»

ማረው ቄሱ እጅ ላይ ያለውን ወረቀት ቀና ብሎ አየ፣ ማንበብ ባይችልም።

«ይህ ነው ያለው? ሌላ ፊደል የለበትም?»

«የለበትም» አሉ ቄስ አያልነህ። «ሁሉም ሙሉ ቃል ነው።»

ማረው ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ ሳይሰናበት ወጣ። መሪጌታ ወረቀቱን ከቄሱ ተቀበሉ። ያው ቃል በጎንደሩና በአዲስ አበባው ቅጂ ላይም መግባት ነበረበትና ብርዑን እንደገና ቀለም አስነከሩት።